ጁባ ለሚሄድ ሰው

ባለፈው ዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ሙሽራው ሚዜዎቹን ከኋላው አሰልፎ፣ የሱፍ ሱሪውን ከጉልበቱ ሳብ አድርጎ፣ የእናቱን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ ጠጁ ገና ሳይቀዳ ምን ቀምሰህ ነው አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ እንጂ አላስረዳሁም። እንዴት ብዬ ላስረዳ? ያን ሳቅ ለማስረዳት የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የነበረችውን ሰቆጣን፣ ከዚያም ጁባን፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረተኛ ድሬሰርና አንድ እንቁላል ወደ ድንኳኑ መጥራት ሊኖርብኝ ነው። እዚህ ግን ቦታ አለኝ፤ ልጥራቸው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ገጣሚም ነበርኩ። ገጣሚነቱን ማንም አላስተማረኝም፤ የከለከለኝም አልነበረም። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ማመልከቻ በሁለት ብር፣ የፍቅር ደብዳቤ ከነግጥሙ በሦስት ብር፤ የሙሾ ግጥም ግን በነጻ ነው፤ ከሐዘንተኛ ገንዘብ መቀበል አልሆንልህ ስለሚለኝ። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ሻይ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ካሴት ብቻ ያጫውታል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ የወንድ ድምፅ ታወጣለች፣ ባለቤቱም ያን ጊዜ ባትሪ ሊገዛ ይነሳል። የምለብሰው ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዛሁትን፣ ደረቱ ላይ የማላውቀው የኳስ ቡድን አርማ ያለበትን ጃኬት ነው። አንድ ቀን አንድ አስተማሪ አርማው የኳስ ቡድን ሳይሆን የአሳ ፋብሪካ መሆኑን ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላም አላወለቅሁትም፣ ሌላ አልነበረኝማ። በገበያ ቀን ከጋዝጊብላ ደጋ ገብስ የጫኑ፣ ከሰሃላ ፍየል እየነዱ ሁለት ቀን በእግራቸው የተጓዙ ሰዎች ጠረጴዛዬ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ጉዳያቸውን በኽምጣኛ ይነግሩኛል። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። የተነገረውና የተጻፈው አንድ እንደሆነ ሁላችንም አምነን እንለያያለን።

ወደ ሰው አገር የሚሄድ ሰው የሚጠነቀቅበት የተጻፈ ነገር እንዳለ ያወቅሁት ግን ከዚያም በፊት፣ የደርግ ዘመን ጦርነት አልቆ ብዙም ሳይቆይ ነው። የውሃ ጉድጓድ ሊያይ አንድ ፈረንጅ ወደ ሰቆጣ መጣ። ከእጁ የማትለይ ትንሽ መጽሐፍ ነበረችው። የመኪና ጎማ ከረገጠው መስመር አንዲት ጋት አይወጣም፤ ሽንቱን እንኳ እመንገዱ መሃል ቆሞ፣ ወደ ዳር አነጣጥሮ ነበር የሚሸናው። እኛ የሰፈሩ ሥራ ፈቶች ከኋላው ተሰልፈን እሱ የረገጠውን እየረገጥን እንከተለዋለን። አንድ አዛውንት ከእርሻቸው ቀና ብለው፣ ይህ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው አብራችሁ የማትፈልጉለት ሲሉ ተቆጡን። ኋላ መጽሐፏን ያነበበ አስተማሪ ነገሩን ፈታልን። የተጻፈው ስለ እኛ ነበር። ውሃቸው ይፍላ፣ ሥጋቸው ይብሰል፣ ሲመሽ ከእነሱ ጋር አትውጣ፣ ከመንገድ ወጥተህ አትርገጥ፣ የተቀበረ ነገር ይኖራል። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። እኩሌታው ተሰደብን አለ፤ እኩሌታው ግን፣ አጎቴን ጨምሮ፣ ለካ ሰው የሚፈራን አገር ነን ብሎ ለአንድ ወር ያህል ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

እማማ ብርነሽ ወደ ጠረጴዛዬ የመጡት ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ማር ነጋዴ ነበሩ፤ ከቤታቸው ጓሮ የተደረደሩ ቀፎዎች አሏቸው፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የሰምና የጭስ ሽታ አለው። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ሲሳይ፣ በሱዳን ሰላም ወረደ ሲባል ጁባ ገብቶ የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር። ያን ጊዜ የጁባ ስም በየሻይ ቤቱ ነው፤ ሄዶ የመጣ ሰው ግን አንድም አልነበረም። ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ሲሳይ ለዳግማይ ትንሣኤ ሊያገባ ነው፤ ልጅቷም የወልድያ ልጅ ናት፣ እዚያው ጁባ ሻይ ቤት ትሠራለች። እዚህ ድረስ ደህና ነበር። ቀጥሎ፣ "ስለ ጉልበት መሳሙ አታስቢ፤ የእናት ቦታ ተቀምጣ ጉልበቷን የምታስመኝ አንዲት የጎንደር ሴት አግኝቻለሁ" ይላል።

እማማ ብርነሽ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ጉልበታቸው አዩ።

"ጉልበት አለኝ። ሁለት ነው። ምን ሆኜ ነው የሚዋሰው?"

ይህን ሲሉ አልሳቁም። በእኛ አገር ሙሽራ ጉልበት ስሞ ምርቃት ሳይቀበል ከደጅ አይወጣም፤ ያን ምርቃት ለአንድ ልጃቸው የሚሰጠው ሌላ ሰው ከሆነ፣ እሳቸው ሲሳይን የወለዱት ለምን እንደሆነ አልታያቸውም። በዚያው ቀን እሄዳለሁ አሉ። በዚያው ቀንም ለጎንደሯ ሴት የሚሆን መንቆሪያ ግጥም አዘዙኝ። ጻፍኩ፦

ሳታምጪ ወልደሽ፣ ሳታጠቢ አሳድገሽ፣
ምነው በሰው ሰርግ ላይ ጉልበትሽን ዘረጋሽ?

እየሄዱም እየተመለሱም ሲሉት ሰነበቱ። ግጥሜ በሰው አፍ ሲዞር የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነውና ለጎንደሯ ሴት አላዘንኩላትም።

ፓስፖርት ለማውጣት በመጀመሪያ የቀበሌ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ጸሐፊው የተወለዱበትን ዓመት ሲጠይቃቸው በክፉው ቀን ነው አሉት። የቱ ክፉ ቀን ቢላቸው፣ ይኼኛው አይደለም፣ ከይኼኛው በፊት ያለውም አይደለም፣ ከእሱ በፊት ያለው ነው አሉ። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያኝክ ቆይቶ መስከረም አንድ ብሎ ጻፈ። የሰቆጣ ሰው በሙሉ በወረቀት ላይ መስከረም አንድ ነው የተወለደው፤ ልደት ማክበር ቢለመድ ኖሮ በዚያ ቀን ከተማው ሰካራም ብቻ ይሆን ነበር። ፎቶ አንሺው ደግሞ ሁለቱም ጆሮዎ ይታይ ብሎ ነጠላቸውን ሲያስወልቃቸው፣ የልጄ ሰርግ ላይ በጆሮዬ አይደለም የምገባው ብለው ተሟግተውታል። ብቻ ከብዙ ምልልስ በኋላ አዲስ አበባ ደርሰው ፓስፖርቱን ይዘው ተመለሱ፤ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

በጾሙ ማለቂያ ግድም፣ እመጣለሁ ብለው ላስጻፉኝ ደብዳቤ መልስ፣ ከሲሳይ ሁለተኛ ፖስታ መጣ። ውስጡ የአውሮፕላን ቲኬትና ወደዚያ አገር ለሚገቡ እንግዶች የሚታደል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር። ያን ዓይነት ወረቀት ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ይመስል ተቀበልኩ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው ሱቅ ውስጥ በርበሬ ከተጠቀለለባቸው መዝገበ ቃላት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ፊደላት የሚጀምር ቃል አያመልጠኝም፣ በመጨረሻዎቹ በሚጀምረው ግን ባዶ ነኝ። ወረቀቱን እያነበብኩ እፈታላቸው ጀመር። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል። ይሁን አሉ። ከጥርጊያ መንገድ አትውጡ፣ ፈንጂ ይኖራል ይላል። ይህንን ለዋግ ሰው ነው የሚነግረው አሉ። ሲመሽ አትንቀሳቀሱ፣ ድልድይና ወታደር ፎቶ አታንሱ፣ የማታምኑት ሰው መኪና ውስጥ አትግቡ፣ በአጎበር ተኙ፣ የወረቀቶቻችሁን ቅጂ ለይታችሁ ያዙ። መብራት በየጊዜው ይቋረጣል የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

"እንግዲያው መብራት አላቸዋ።"

ማንበብ ስለማይችሉ ምክሩን በቃላቸው እንዲይዙት በግጥም ላድርግልዎ አልኳቸው። አሁን ሳስበው፣ በዚያ አገር ታሪክ የመግቢያ መመሪያው በግጥም የተጻፈለት ብቸኛ እንግዳ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ያልፈላ ውሃ እንዳትጠጪ፣
ከመንገድ ወጥተሽ ሣር አትርገጪ፤
ድልድይ ወታደር ፎቶ አታንሺ፣
ጀንበር ስትጠልቅ ደጅ አታምሺ።

ሰምተው ሲጨርሱ ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ያልከኝ ብለው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። እርስዎ ቢገባበት ስንኙ አልሸከም አለኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እንግዲህ ስንኝህ ትልቅ ሰው መሸከም ይልመድ አሉኝ።

አንድ አንቀጽ ግን በመጨረሻዎቹ ፊደላት የታጨቀ ነበርና ወረቀቱን ይዘን ጋሽ በላይ ዘንድ ሄድን። ጋሽ በላይ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ድሬሰር ናቸው፤ ከገበያው ጥግ ትንሽ መድኃኒት መሸጫ አላቸው፣ መነጽራቸው በላስቲክ የታሰረ ነው። አነበቡና ወደዚያ አገር የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ተከትቦ ቢጫ ወረቀት መያዝ አለበት አሉ። ክትባቱ ያኔ ከአዲስ አበባ በቀር አይገኝም፤ ከመግባትዎም አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ቲኬቱ ከፋሲካ በኋላ ላለው ሐሙስ የተቆረጠ ነው። በጣታችን ወደ ኋላ ቆጠርን፤ የመጨረሻው ቀን የሕማማት ሰኞ ሆነ። ይደረሳል አሉ ጋሽ በላይ፤ ቅዳሜ አውቶቡስ ከያዛችሁ ይደረሳል። እዚህ ላይ ዝም ብንል ኖሮ ሁሉም ደህና ነበር። እኔ ግን ተርጓሚ ነኝ፤ አንዲት መስመር መቅረቷን አየሁ። ከእሷስ በታች ያለችው ምን ትላለች ስል ጠየቅሁ። ጋሽ በላይ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እንቁላል የማይስማማው ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይናገር፣ ክትባቱ በእንቁላል ውስጥ ያደገ ነውና ብለው አነበቡ።

እማማ ብርነሽ ከተቀመጡበት ተነሱ።

"በሕማማት? እንቁላል?"

የማንለው ነገር አልነበረም። የሚወጉት በክንድዎ ነው እንጂ አይበሉትም አልኩ። ጋሽ በላይ መድኃኒት ለታመመ ሰው ይፈቀዳል አሉ። እሳቸው ግን አልታመምኩም፣ በሽታው የዚያ አገር ነው፣ እዚያው ይታከም ብለው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ወጡ። ነገሩ ግትርነት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው። ሲሳይ የሄደ ቀን ለሚካኤል ተስለዋል። ልጄን በዓይኔ እስካይ ድረስ በጾም ቀን ጥሉላት በሥጋዬ አይገባም፣ አንተም ልጄን ጠብቅልኝ ብለዋል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ጾሙን፣ ሚካኤልም ልጁን ሲጠብቁ ኖረዋል። አሁን ውሉን እኔ ላፍርስና ልጄ ላይ ይምጣ ወይ አሉኝ። ሳይሄዱ ቢቀሩ ጉልበታቸው ሰቆጣ ይቀራል፤ ቢከተቡ ደግሞ የልጃቸውን ጠባቂ ያስቀይማሉ። ያቺን መስመር ዘልዬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ያን ምሽት እህል አልበላሁም፤ ለነገሩ የነበረውም ሽሮ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ላይ ጉባኤ ተቀመጥን። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልዴ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከመናገራቸው በፊት ጭራቸውን ሁለቴ ያወዛውዛሉ። ነገሩን ከእኔም ከጋሽ በላይም ሰሙ። እንቁላሉ ዶሮ የታቀፈችው ነው ወይስ ያልታቀፈችው ብለው ጠየቁ። ጋሽ በላይ፣ ድፍን የዓለም ነገር አይቻለሁ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ይህንን ብቻ አላየሁም ሲሉ አመኑ። ቄስ ወልዴ ጭራቸውን አወዛወዙ።

"ስሚ ብርነሽ። ጎመን በፍግ ላይ ይበቅላል። በጾም ጎመን ስትበይ ፍግ በላሁ ትያለሽ?"

ጋሽ በላይ በደስታ ጭናቸውን መቱ። እኔም ይህን ሳልጽፈው እንዳይጠፋ ብዬ ወረቀት ፍለጋ ኪሴ ገባሁ። እማማ ብርነሽ ግን አልተሸነፉም።

"ጎመኑን አጥቤ ነው የምበላው፣ አባቴ።"

ጋሽ በላይ ክትባቱም ተጣርቶ ታጥቦ ነው የሚመጣው ሊሉ ሞክረው፣ ሲታጠብ አይተሃል ወይ ሲባሉ የመነጽራቸውን ላስቲክ ማጥበቅ ያዙ። ቄሱ ስለቱን ቃል በቃል እንዲደግሙላቸው ጠየቋቸው። ደገሙት። ልጄን በዓይኔ እስካይ ድረስ።

"እንግዲያው ሚካኤል ሊያሳይሽ መንገዱን ከፍቷል። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ አልገባም ብትይ፣ ውሉን ያፈረሰው እሱ ነው አንቺ?"

እማማ ብርነሽ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተሳልመው ተመለሱና፣ እሺ፣ ግን በግራ ክንዴ ነው፣ ቀኙ የማማትብበት ነው አሉ። ቄሱ በግራው ይሁን ብለው ፈቀዱ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርን፤ እኔ ማንበቢያቸው ሆኜ፣ እሳቸው በሶና ቆሎ፣ አንድ ጀሪካን ማርም ይዘው። ሆሳዕና መንገድ ላይ ዋለ፤ ደሴ ላይ ያሰሩትን የዘንባባ ቀለበት በግራ ጣታቸው ላይ አድርገው፣ ለሚወጋው ክንዴም ይጠንቀቅለት አሉ። ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ክትባት ቤቱ ሰልፍ ላይ ነበርን። ሱፍ የለበሱ ነጋዴዎች፣ ሻንጣ የያዙ ሴቶች፣ ከመካከላቸው በሰም የሚሸቱት እማማ ብርነሽ። ነርሷ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጥያቄ በተራቸው ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ እንቁላል ይስማማዎታል?"

"ከእሑድ ጀምሮ ይስማማኛል።"

ነርሷ መርፌውን አስቀምጣ ሳቀች፤ ሰልፉም ተከተላት። እሳቸው አልሳቁም፤ ግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ማግስቱን ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ፤ እሳቸው ዘመድ ቤት አሥሩን ቀን ሊቆጥሩ ቀሩ። ዘመዳቸው ኋላ እንደነገረኝ፣ እስከ ፋሲካ ዶሮ ድረስ በዚያ ግራ እጅ እህል አልነኩም፣ ስግደት ላይም ከነጠላው አላወጡትም። እንደ ባዕድ ልጅ አቅፈውት ብቻ ዞሩ።

ወሩ ሳያልቅ ተመልሰው ጠረጴዛዬ ፊት ባለው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ክስት ብለዋል፣ ፊታቸው ግን ደህና ነው። የጁባን ሙቀት፣ ቀይ አቧራውን፣ ቦቴ የሚነዳ ልጃቸው እንዴት እንደጠቆረ ነገሩኝ። ግጥሜን በየቦታው እያሉት ነበር፤ ውሃ ሳያፈሉ አልጠጡም፣ ሣር አልረገጡም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቢጫ ወረቀታቸውን ለተቆጣጣሪው ሰጥተው፣ እሱ እያነበበ ሳለ ወረቀቱ አልበቃ ብሏቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውንም አሳዩት። ሰውየው እንደ ትልቅ ሰው እጅ ነሳኝ አሉ።

ወደ ሰርጉ ሲደርሱ ግን ንግግራቸው ዘገመ። ገና ከመግባታቸው የጎንደሯ ሴት፣ ሲሳይ የእናቱን መምጣት ሊነግራት አፍሮ ኖሮ፣ በአዲስ ጥልፍ ቀሚስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። እሳቸውን ስታይ ማንነታቸውን ከሲሳይ ፊት አውቃ ተነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። እማማ ብርነሽ ተከትለው ገቡ፤ ግጥሙ አፋቸው ላይ ነበር፣ ከሰቆጣ ጀምሮ የተሸከሙት። ሴትየዋ ቀሚሱን ልታወልቅ ከአንገቷ ቁልፍ ጋር ትታገላለች። ሳትዞር ይቅርታ አለቻቸው። ልጁ ሰው የለኝም ሲለኝ ጊዜ ነው አለች። ከዚያም የእኔ ልጅ ጎንደር ስትዳር እኔ እዚህ ነበርኩ፣ የማንን ጉልበት እንደሳመች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም አለች።

"ግጥሙንስ አሏት?" አልኳቸው፤ ወጣት ነበርኩ።

ቁልፉን መልሰው እንደቆለፉላት፣ አግዳሚ ወንበር እንዳስመጡና ሁለቱ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ነገሩኝ። ሲሳይ የእናቱን ጉልበት ስሞ ቀና ሲል በቃ መስሎት ነበር፤ እሳቸው አንገቱን ይዘው ወደ ጎን መልሰው ጎንበስ አደረጉት። በዚያ አገር አንድ ምርቃት አይበቃም አሉ። መራቂ ሲበዛ መንገዱም ራሱ ሰውን ይጠብቃል።

ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የጎንደር አድራሻ ነው፤ የሴትየዋ ልጅ። ጻፍላት አሉኝ፣ እናትሽን ሄደሽ እያት በልልኝ። ብዕሬን አነሳሁና ልማዴ ነውና ከላይ ጀመርኩ፦ በመጀመሪያ የቀበሌ ወረቀት፣ ቀጥሎ ፓስፖርት፣ ቀጥሎ... እማማ ብርነሽ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ዘረጉት።

"ያን ሁሉ አትደርድርባት፤ ትፈራለች። ሂጂ ብቻ በላት። ሌላውን መንገድ ላይ ትሰማዋለች።"